ዳኛቸው ሳይሰማ ያለፋቸው ስሞች

ዳኛቸው ደብረ ታቦር ላይ አሥራ አራት ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው ነው። አሜሪካ መጥቶ አውሮራ ከተማ ከገባ ዘጠኝ ዓመት ሆኖታል፤ እዚህ ሥራው በሽተኞችን በቫን ከቤታቸው እያነሳ ሕክምና ቦታ ማድረስና መመለስ ነው። ሚስቱ ትርፌ እንግልውድ ባለ የአረጋውያን መጦሪያ ትሠራለች። ሔቨን የምትባል የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አለቻቸው። ይህን ታሪክ የነገረኝ ኢስት ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ባለ ምግብ ቤት ምሳ ስንበላ ነው። በአጠገባችን የሚያልፈው ሰው ሁሉ «እንኳን ደስ አለህ፣ አኮራኸን» እያለ ይጨብጠዋል። እሱ ግን ቀና ብሎ ማንንም አያይም። ምን ሆነሃል ብዬ ስጠይቀው ነው የጀመረልኝ።

ከሁለት ዓመት በፊት መሥሪያ ቤቱ ሩቅ መንገድ መደበው። ከአውሮራ ወደ ምሥራቅ ሁለት ሰዓት ያህል ሲነዳ ሄልማን የሚባል ካውንቲ፣ እንደኛ አገር ወረዳ ያለ፣ ይገኛል። ዛፍ የለ፣ ተራራ የለ፤ ስንዴ፣ የከብት አጥርና ሰማይ ብቻ ነው። ከዳር እዳር በመኪና ለመሻገር አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ ነዋሪው ግን ተሰብስቦ ቢቆጠር አንድ የአውሮራ ሃይስኩል አይሞላም። ሆስፒታሉ ከተዘጋ ስለቆየ ኩላሊቱን የሚታጠብ ሰው በሳምንት ሦስት ቀን አውሮራ ድረስ መመላለስ አለበት። ዳኛቸው የሚያመላልሳቸው ሚስ ሄዘል የሚባሉ የሰማንያ ስድስት ዓመት አሮጊት ነበሩ። ባላቸው ሞተዋል፣ ልጅ አልወለዱም፤ የስንዴ መሬታቸውን ለጎረቤት አከራይተው ብቻቸውን ይኖራሉ።

የመጀመሪያው ቀን አገርህ ምን ትሠራ ነበር ብለው ጠየቁት። የጂኦግራፊ መምህር እንደነበረ ነገራቸው።

«እንግዲያውስ ሰው አገኘሁ» አሉ። «የዚህን አገር ነገር የሚጠይቀኝ የለም። እኔ እነግርሃለሁ፣ አንተ ጻፈው።»

«እሺ፣ እጽፈዋለሁ» አላቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገዱን ሙሉ ያወሩለት ጀመር። አያታቸው ከሩሲያ የመጡ ጀርመን እንደነበሩ፣ መንግሥት ለሚያርስ ሁሉ መሬት በነጻ ሲሰጥ መጥተው፣ እንጨት ቢያጡ አፈሩን ከነሣሩ እየቆረጡ እንደ ጡብ ደርድረው ቤት እንደሠሩ ነገሩት። ባቡር ሲመጣ ከተሞች በቀሉ፤ ባቡሩ ሲቀር አብረው ደረቁ። በሠላሳዎቹ ዓመታት ዝናብ ጠፍቶ፣ ያለ ልክ የታረሰው አፈር ከመሬት ተነሥቶ ቀኑን አጨለመው። በኋላ ከምድር ሥር ውሃ በሞተር ተስቦ ስንዴውም በቆሎውም ዳግመኛ ለመለመ። አሁን ደግሞ ውሃው በየዓመቱ እየራቀ ነው፤ የትምህርት ቤቱ በር ሳይዘጋ የቀረው የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ በሚከፍሉት ግብር ነው።

ይህን ያህሉ ዳኛቸው ዘንድ የቀረው እየደጋገሙ ስለነገሩት ብቻ ነው። አይሰማቸውም ነበር። ግራ ጆሮው ውስጥ ኤርፎን አለ፤ ሚስ ሄዘል ከኋላ በቀኝ በኩል ስለሚቀመጡ አያዩትም። የአገር ቤት ፖለቲካ የሚተነተንበትን ዩቲዩብ ከፍቶ ሰዎቹ ሲጨቃጨቁ ያዳምጣል፤ የአሮጊቷ ድምፅ ጸጥ ሲል «የስ ማም» ይላል። «ጻፍከው?» ሲሉት «ቤት ስገባ ደብተር ላይ አሰፍረዋለሁ» ይላል። ደብተር የሚባል ነገር አልነበረም።

«ሙያዬ እኮ ነው» አለኝ፣ ሹካውን አስቀምጦ። «ዘጠነኛ ክፍል የአሜሪካን የስንዴ ሜዳ ሰሌዳ ላይ እየሳልኩ አስተምር ነበር። ሜዳው መጥቶ ከኋላዬ ተቀምጦ ሲያናግረኝ ጆሮዬን ደፈንኩት።»

አንድ የመጋቢት ቀን ሚስ ሄዘል ከዋናው መንገድ ወጣ ብሎ ባለ የጠጠር መንገድ ላይ እንዲያቆም ለመኑት። አቆመ። ነፋሱ ቫኑን ይወዘውዘዋል። ከሽቦው አጥር ወዲያ ባዶ መሬት ነው። በጣታቸው እያሳዩ ረጅም ነገር አወሩ፤ ከዚያ ስም ይጠሩ ጀመር፣ ቀስ ብለው፣ አንድ በአንድ።

«ያዝካቸው?» አሉት ሲጨርሱ።

«ይዣቸዋለሁ» አላቸው።

በዚያች ደቂቃ ጆሮው ውስጥ ሁለት ሰዎች ስለ አንድ ሹመት ይነታረኩ ነበር። ማን እንደተሾመ እስከ ዛሬ ያስታውሳል።

ሰኔ ላይ ሚስ ሄዘልን ስትሮክ መታቸው። ቀኝ ጎናቸው ሽባ ሆነ፣ አንደበታቸው ተዘጋ። ለኩላሊት እጥበቱ እንዲቀርባቸው ሌክውድ ወዳለ መጦሪያ ወሰዷቸው፤ ዳኛቸውም ሌላ መንገድ ተመደበለት። ሄዶ አልጠየቃቸውም። «ሥራ በዝቶብኝ ነበር» አለኝና ወዲያው «ውሸቴን ነው፤ ትዝም አላሉኝ» አለ።

በሁለተኛው ወር ሎርና የምትባል ሴት ደወለችለት። የሄልማን ካውንቲን ትንሽ ሙዚየም በበጎ ፈቃድ የምትጠብቅ ናት። በዚያ በጠጠሩ መንገድ በኩል ለአዳዲስ የነፋስ ማመንጫዎች መንገድ ሊጠረግ ነው አለችው። በአቧራው ዘመን ባንድ ዓመት ውስጥ አሥራ አንድ ሕፃናት ሳንባቸው በአቧራ ተይዞ ሞተው እዚያ ተቀብረዋል። የእንጨት መስቀሎቻቸውን ነፋስ ወስዷቸዋል፤ የቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ ከነሕንፃው ተቃጥሏል። ማመንጫዎቹን የሚተክለው ድርጅት ቦታውን ሊያጥርና የመታሰቢያ ድንጋይ ሊያቆም ተስማምቷል። የጎደለው ስማቸው ብቻ ነው።

«ሕፃናቱን አጥበው የገነዙት የሚስ ሄዘል እናት ናቸው» አለች። «ስማቸውንም ለልጃቸው አስጠንተዋቸዋል፤ ሌላ የሚያውቅ የለም። ባለፈው ዓመት ስጠይቃቸው ‹ሾፌሬ መምህር ነው፣ ሁሉን ጽፎታል፣ ከእሱ ትወስጃለሽ› አሉኝ። ደብተሩ አለህ?»

ዳኛቸው እዚያው እውነቱን ቢናገር ኖሮ ይቀለው ነበር። «አለኝ» አላት። «በሁለት ሳምንት አመጣልሻለሁ።»

በማግሥቱ ደብተር ገዛ። ቅዳሜ ጠዋት ምግብ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ የሚያስታውሰውን መጻፍ ጀመረ። የባቡሩ፣ የአፈር ቤቱ፣ የውሃው ነገር አምስት ገጽ ሞላ። ስሞቹ ጋ ሲደርስ ግን መንታዎች እንደነበሩባቸው ብቻ ትዝ አለው። ብዕሩ አልቆመም። ጆን ሚለር ብሎ ጻፈ። ሜሪ ክላርክ ብሎ ጻፈ። አሥራ አንድ አድርጎ ጨረሰ።

ሔቨን መጥታ በትከሻው ላይ አነበበች። «አባ፣ this is so cool። ታይፕ ላድርግልህ?» አለችው። ወንበር ስባ ተቀመጠች። ጥቂት ካነበበች በኋላ «ይሄ ጆን ሚለር፣ እናቱ ማናት? እዚህ አልጻፍክም» አለች።

ብዕሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ።

«አባ፣ how do you know his name?»

«አላውቀውም» አላት።

ደብተሩን ዘግታ ወደ እሱ ገፋ አደረገችውና ክፍሏ ገባች። «ተማሪ ሲኮርጅ ስይዝ ከክፍል አስወጣ ነበር» አለኝ ዳኛቸው። «ልጄ ያዘችኝ፤ ግን የወጣችው እሷ ናት።»

ትርፌ ከሥራ ስትመለስ ሁሉንም ነገራት። ጫማዋን እያወለቀች አዳመጠችው።

«የሌላ ሰው ሙት ላይ ስም ልትለጥፍ ነበር?» አለችው።

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«ሂድና ንገራቸው። በስልክ አይደለም፣ ፊት ለፊት።»

ሙዚየሙ የድሮው የባቡር ጣቢያ ነው። ዳኛቸው በሚቀጥለው ቅዳሜ ሄዶ ሎርናን ቁጭ አድርጎ ነገራት፤ የፈጠራቸውን ስሞች እንኳ ሳይቀር። ሎርና ተነሥታ መስኮቱ ጋ ቆመች። ከዚያ «ለሚስ ሄዘል እኔ አልነግርልህም። ራስህ ንገራቸው» አለችው።

በማግሥቱ እሑድ ሌክውድ ሄደ። ሚስ ሄዘል አልጋቸው ላይ ደገፍ ብለው ነበር። ሲያዩት ግማሽ ፊታቸው ፈገግ አለ፤ ግራ እጃቸውን ዘረጉለት። እጃቸውን ይዞ ተናገረ።

«ሚስ ሄዘል፣ የነገሩኝን አልጻፍኩትም። አልሰማሁዎትም። ጆሮዬ ውስጥ ሌላ ነገር ነበር። ጽፌዋለሁ ያልኩዎት ውሸት ነው።»

አሮጊቷ አፍጥጠው አዩት። እጃቸውን ከእጁ ውስጥ ቀስ አድርገው አወጡና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። አስታማሚዋ ገብታ ሌላ ቀን ብትመጣ ይሻላል እስክትለው ድረስ ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም።

መምህርነቱ የጠቀመው ከዚያ ወዲያ ነው። ሚስ ሄዘል የሚያውቁትን አልረሱም፤ ማውጣት ነው ያቃታቸው። የሚወጣበትን መንገድ መፈለግ አለበት። ሎርናን ደውሎ የአቧራውን ዘመን የመሬት ካርታ ለመናት። እሷም ከካውንቲው ጽሕፈት ቤት ኮፒ አድርጋ ላከችለት። ካውንቲው እንደ ሒሳብ ደብተር በአራት ማዕዘን ተከፋፍሏል፤ በየማዕዘኑ የባለመሬቱ የቤተሰብ ስም ተጽፏል።

በሚቀጥለው እሑድ ካርታውን ብርድ ልብሳቸው ላይ ዘረጋው። እሱን አላዩትም፤ ካርታውን ግን አዩ። ጣቱን ማዕዘኖቹ ላይ እያስኬደ የቤተሰቦቹን ስም አንድ በአንድ ጠራ። ወንዙን ተሻግሮ፣ ከሐዲዱ በስተደቡብ አሸዋማው መሬት ላይ ሲደርስ «ፉንክ» አለ። የሚስ ሄዘል ግራ ጣት አልጋውን መታ አደረገች።

«ፉንኮች ልጅ ሞቶባቸዋል?»

ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉ። መንታዎቹ የነሱ ነበሩ። ከዚያ ኤ፣ ቢ፣ ሲ እያለ ይቆጥራል፤ ፊደሉ ሲደርስ አልጋውን መታ ያደርጋሉ። አንድ ስም ለማውጣት አንዳንዴ አንድ ሰዓት ይፈጃል። ሲደክማቸው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ፤ እሱም ካርታውን አጥፎ ይሄዳል። ስድስት እሑድ እንዲህ ሆነ። ሩት ፉንክ፣ ሮይ ፉንክ፣ ዊልማ ሽሚት እያለ ሰባት ደረሰ። አንዳንድ ቀን ማንም ያልሞተበት ማዕዘን ላይ ጣታቸውን ያሳርፋሉ፤ «ትምህርት ቤት ነው? የውሃ ጉድጓድ ነው?» እያለ እስኪደርስበት ጣታቸውን አያነሱም። በእነዚያ ሳምንታት ሁሉ አንድም ቀን እጃቸውን መልሰው አልሰጡትም።

በጥቅምት ሚስ ሄዘል አረፉ። ስምንተኛው ስም ሁለት ፊደል ላይ ቀርቷል። አራቱ ሕፃናት ስም የላቸውም።

ድንጋዩ የቆመው ባለፈው ሚያዝያ ነው። ሰባት ስም፣ ከሥሩም «ስማቸው ያልታወቀ አራት» ይላል። ዳኛቸው ከሕዝቡ ኋላ መኪናዎቹ ጋ ቆሞ ነበር። የካውንቲው ጋዜጣ «ኢትዮጵያዊው ሾፌር የጠፉትን ስሞች አዳነ» ብሎ ከፎቶው ጋር አወጣው። አንዱ የኛ ሰው አግኝቶ ፌስቡክ ላይ ለጠፈው። ያ ሁሉ ሰው ሲጨብጠው የዋለው ለዚህ ነበር።

«አራቱን ማን እንዳጠፋ አልጻፉም» አለኝ ዳኛቸው። «ሎርና ሆን ብላ ሳትነግራቸው ቀረች፤ ለኔ አዝና ነው። ሐዘኔታዋ ባሰብኝ።»

ምሳ በበላንበት ሳምንት ለጋዜጣው ደብዳቤ ጻፈ። አሥራ አንዱም ስሞች እንደተነገሩት፣ አለመስማቱን፣ ጽፌያለሁ ብሎ መዋሸቱን፣ የፈጠራ ስም ሊያመጣላቸው እንደነበረ ዘረዘረ። ጋዜጣው ከስንዴና ከከብት ገበያ ዋጋ አጠገብ አወጣለት። ከካውንቲው ሰው የመለሰለት የለም። ከኛ ወገን ግን ውድነህ የሚባል የቤተ ክርስቲያን ወዳጁ ከቅዳሴ ሲወጣ በር ላይ አስቁሞት «ማን ጠየቀህ? ራስህን ብቻ መሰለህ ያዋረድከው?» አለው። ትርፌ ደብዳቤውን ከጋዜጣው ቆርጣ የት እንዳስቀመጠች ዳኛቸው አያውቅም። ሔቨን ግን አንብባዋለች፤ «ኦኬ፣ አባ» ነው ያለችው።

አሁን የሄልማንን መንገድ ራሱ ጠይቆ ተመልሶ ይሠራበታል። አዲሱ በሽተኛ ዕድሜ ልካቸውን ከብት ያረቡ ሽማግሌ ናቸው። ባለፈው ሰኞ ቤተሰቦችዎ እዚህ ካውንቲ የመጡት መቼ ነው ብሎ ጠየቃቸው።

«ስለ እሱ ማውራት አልፈልግም» አሉት።

ሁለቱን ሰዓት ዝም ተባብለው መጡ።