የአያቴ ባልዲ

አያቴ ሻወር ሲከፍቱ፣ ሙቁ ውሃ እስኪመጣ የሚወርደውን ቀዝቃዛ በባልዲ ይቀበሉ ነበር። ስፕሪንግ ሲገባ ከዚያው ቀድተው የዊንቸስተሩ አፓርታማችን በረንዳ ላይ ጎጆ ለምትሠራው ዋኔ በሳህን ያስቀምጡላታል፤ የተረፈውን ደጅ ያለው ዛፍ ሥር ያፈሱታል።

«አባባ፣ ውሃው እኮ ከሬንቱ ጋር ነው የሚከፈለው» ስላቸው፣ «ታዲያ ምን አጥፍቶ ነው የሚደፋው?» ይሉኛል።

ባለፈው ዊንተር አረፉ። ለቅሶ የመጡ ዘመዶች ባልዲውን ዕቃ ማጠቢያ አደረጉት፤ እኔም ወደ ቦታው አልመለስኩትም። ሰሞኑን ዋኔዋ መጥታ የደረቀውን ሳህን ስትዞረው አየሁ። ሺፍት ረፍዶብኝ ስለነበር ትቻት ሄድኩ።

ዛሬ ጠዋት ሻወር ከፍቼ ስጠብቅ፣ ውሃው ባዶውን ወለል ሲመታ ድምፁ እንግዳ ሆነብኝ። ዘጋሁትና በፎጣ እንደሆንኩ ባልዲውን ፍለጋ ወጣሁ።