ምላሴና የኮሶዬው ገበሬ

ቁስሏ ስትጀምር የምስር ፍሬ እንኳ አታክልም ነበር። በምላሴ ግራ ጎን፣ ከመንጋጋ ጥርሴ ጋር በምትነካካበት ቦታ ላይ ወጣች። ሚሌኒየሙን ለማክበር ሽር ጉድ በሚባልበት ሰሞን ነው። ያኔ አርባ ሁለት ዓመቴ ነበር። ጎንደር አራዳ ላይ ከባለቤቴ ጋር የጨርቅ መደብር ነበረን፤ እሱ ጣቃ እየዘረጋ በሜትር ይሸጣል፣ እኔ ከመጋረጃው ጀርባ የሴት ልብስ እሰፋለሁ። አባቴም አያቴም በዚያው መንገድ ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ ናቸው።

ጥርሴ ነክሶኝ ይሆናል ብዬ ተውኳት። በጨው ውኃ ተጉመጠመጥኩ፣ ማር ቀባሁ፣ በርበሬ አቆምኩ። ረመዳን ሲገባ ጾሙ ያደርቃታል ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ዒዱ አለፈ፤ እሷ አልደረቀችም። እንዲያውም ዳር ዳሯ ጠጠር እያለ መጣ። ብዙ አታመኝም ነበር፤ ትኩስ ነገር ስጠጣ ብቻ ቆንጠጥ ታደርገኛለች። ያላመመ ነገር ደግሞ ማን ያስታውሰዋል? ሥራ አለ፣ የሰርግ ወቅት እየደረሰ ነው፣ የሚሰፋው ልብስ ተከምሯል።

ቅዳሜ ቅዳሜ በደባርቅ መንገድ ካለችው ከኮሶዬ ድንችና ነጭ ሽንኩርት ጭነው የሚመጡ አንድ ገበሬ ደንበኛ ነበሩን። ስድሳን የተሻገሩ፣ ረዥም፣ ንግግራቸው ቁጥብ ሰው። ያመጡትን ሸጠው ሲያበቁ እኛ ዘንድ ጎራ ይላሉ። ለልጅ ልጆቻቸው ጨርቅ ይገዛሉ፤ የሚገዙት ባይኖርም ዐረፍ ብለው ሻይ ይጠጣሉ። እኔ አያ እላቸዋለሁ፣ እሳቸው እቴ ይሉኛል።

አንድ ቅዳሜ አብረን ሻይ ስንጠጣ ፊቴን ቋጠር ሳደርግ አዩኝ።

«ምነው እቴ፣ ምን ሆነሽ?»

«ምንም አይደል አያ፤ ምላሴ ላይ ትንሽ ቁስል አለች።»

«ከመቼ ወዲህ?»

«ኧረ ቆይታለች፤ ከረመዳን በፊት ጀምሮ ናት።»

ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። «ከረመዳን በፊት? ይኸው ኅዳር አይደለም እንዴ! እስቲ ክፈች፣ አሳዪኝ።»

አፈርኩ። ባለቤቴ እንኳ አይቷት አያውቅም። ነገር ግን አነጋገራቸው እምቢ የሚያሰኝ አልነበረም። ወደ በሩ ብርሃን ዞሬ አፌን ከፈትኩ። ጎንበስ ብለው አዩ።

«የልጆቼ እናት» አሉ ቀና ብለው፣ «ልክ እዚችው ላይ ነው የጀመራት። ጠላ እንኳ የማትቀምስ ሴት ነበረች፤ ሲጋራማ እኛ አገር ሴት መች ታውቀዋለች? ምች ነው ብለን ቅጠል ቀባን። ዛሬ ይሻላታል፣ ነገ ይሻላታል ስንል ከረምን። ሐኪም ቤት ስናደርሳት አንገቷ አብጦ ነበር። ‹ምነው ቀደም ብላችሁ ብታመጧት› አሉን። በዚያው ቀረች።»

የሚስታቸውን ሞት አውቅ ነበር። በምን እንደሞቱ ግን ያን ቀን ሰማሁ።

«እሺ አያ፣ ሰሞኑን እሄዳለሁ» አልኳቸው።

«ሰሞኑን ብሎ ነገር የለም። ሰኞ ጠዋት። እስክትምዪልኝ ድረስ ከዚህ ወንበር አልነሳም።»

ቀልድ መስሎኝ ሣቅሁ። አልተነሡም። ወደ ደባርቅ መንገድ የሚወጡት መኪኖች እየሞሉ ሄዱ። ገበያተኛው ተበተነ። እሳቸው ዱላቸውን በጉልበታቸው መሐል አቁመው ቁጭ እንዳሉ ናቸው። ባለቤቴ ከባንኮኒው ማዶ ሆኖ ሁሉንም ይሰማ ኖሯል፤ መጣና «አያ፣ ወላሂ ሰኞ ጠዋት ራሴ እወስዳታለሁ» ሲል ብድግ አሉና ወጡ።

ሰኞ ጠዋት ያየኝ ወጣት የጥርስ ሐኪም ነበር። ወረቀቱን እያየ ይጠይቀኛል።

«ያጨሳሉ?»

«አላጨስም።»

«አልኮል ይጠጣሉ?»

«ሙስሊም ነኝ ልጄ፤ ጠብታ ገብቶብኝ አያውቅም።»

«ጫትስ?»

«እቤታችንም አይገባ።»

ነጻ የወጣሁ መስሎኝ ከወንበሬ ልነሣ ስል በእጁ መለሰኝ። «ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ሲደርስ ይረጋጋል። እኔ አልረጋጋም» አለኝ። «ከሁለት ሳምንት በላይ ያልዳነ የአፍ ቁስል፣ የማንም ይሁን የማን፣ መመርመር አለበት።» አደንዝዞ ከቁስሏ ትንሽ ቆንጥሮ ለምርመራ ላከ።

ውጤቱን የሰማነው እኔና ባለቤቴ አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ነው። ካንሰር አለ ሐኪሙ። ቀጠለና ገና ትንሽ መሆኗን፣ አዲስ አበባ ሄጄ በቀዶ ሕክምና ብትወጣ ጥሩ ተስፋ መኖሩን ነገረን። እኔ የሰማሁት የመጀመሪያዋን ቃል ብቻ ነው። ቤት እስክንደርስ ባለቤቴ ክንዴን አልለቀቀም።

እውነቱን ለመናገር፣ ከፍርሃቱ የባሰው ንዴቱ ነበር። ያላጨስኩ፣ ያልጠጣሁ፣ የሰው ያልነካሁ ሴት ምን አድርጌ ነው? እያልኩ ከፈጣሪዬ ጋር ሙግት ገጠምኩ። በዚያ ላይ ወሬው ሰፈር ገባ። ከዘመዶቻችን አንዱ ባለቤቴን መስጊድ በር ላይ አግኝቶ «ደብቃህ ታጨስ ነበር እንዴ?» አለው። ባለቤቴ ቁጡ ሰው አይደለም። «አላጨሰችም» አለው፣ «ብታጨስስ ኖሮ? አይታዘንላትም ነበር?»

ይህን የነገረኝ ማታ እራት ላይ ነው። መልሱ እኔንም ነካኝ። እኔም እኮ በልቤ፣ አጫሽ ቢታመም የእጁን አገኘ የምል ሰው ነበርኩ። በሽታውን እንደ ፍርድ ቆጥሬው ኖሬያለሁ ማለት ነው። ከዚያ ምሽት በኋላ «ለምን እኔ» የሚለው ጥያቄ ቀስ በቀስ ለቀቀኝ።

አዲስ አበባ ያገኘችኝ ቀዶ ሐኪም በዕድሜ ከእኔ ከፍ የምትል፣ መነጽሯን በማሰሪያ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ነበረች። ሁለት ነገር ጠየቅኋት። «ሃያ ዓመት ሙሉ ልብስ ስለካ ስፒል በከንፈሬ ይዤ ነው የምሠራው። እሱ ይሆን ያመጣብኝ?»

«አይደለም» አለች ፈገግ ብላ።

«ምላሴን የሚነካካው የሾለ ጥርሴስ?»

«ነው ብዬ አልምልልሽም። የማያጨሱ የማይጠጡ ሰዎችም ይታመማሉ። ለምን እንደሆነ ብዙ ጊዜ አናውቀውም፤ እናውቃለን ብልሽ ዋሽቼሻለሁ። የማውቀው ቶሎ መምጣትሽን ነው። ማን መከረሽ?»

«የኮሶዬ ገበሬ» አልኳት።

የምላሴን ግራ ጎን ቆርጠው አወጡ፤ ከአንገቴም ዕጢዎች አወጡ። ስነቃ አፌ የእኔ አይመስልም፤ አብጦ ሞልቷል። በአፍንጫዬ በገባ ቀጭን ቱቦ ነበር ምግብ የሚሰጠኝ። ባለቤቴ የተማሪ ደብተር ገዛልኝና የምፈልገውን እየጻፍኩ አሳየው ነበር። እሱ መናገር እየቻለ አብሮኝ ይጽፋል! «ተናገር እንጂ፣ ጆሮዬ ደህና ነው» ብዬ ስጽፍለት ሁለታችንም ሣቅን፤ ስፌቱ አንገቴን ቢስበኝም ሣቅሁ። ከአንገቴ የወጡት ዕጢዎች ንጹሕ ሆነው ተገኙ። ሐኪሟ ይህን ስትነግረኝ እጇን ይዤ ሳምኩት።

ንግግር መልሶ መማር ከባድ ነበር። «መደብር» ስል «መደብል» ይሆንብኛል፤ ሰ እንደ ሸ ያፏጫል። ከሁሉ ያስጨነቀኝ ሶላቴ ነው። ፊደሉ ሲበላሽ ጸሎቱ ይበላሻል ብዬ ፈራሁ። ጎንደር ስመለስ ሰፈራችን ያሉትን ሼህ ጠየቅኋቸው። «አንደበቱን የሰጠሽ ምን እንደጎደለው ያውቃል» አሉኝ። «የቻልሽውን በዪ፤ በርቺ።» ጎህ ሲቀድ ባለቤቴ ቁርኣን ቀስ ብሎ ይቀራል፣ እኔ እየደገምኩ እከተላለሁ። በሃያ ዓመት ትዳራችን እንደዚያ ተቀምጠን አናውቅም ነበር።

መደብር የተመለስኩ የመጀመሪያው ቅዳሜ አያ መጡ። እኔ በሌለሁባቸው ቅዳሜዎች ሁሉ እየመጡ ሲጠይቁ ከርመዋል። ከመጋረጃው ጀርባ ወጣሁና «ደህና ሰነበቱ አያ» አልኳቸው። ቃሉ ተጎትቶ ወጣ። ጆሯቸውን ወደ እኔ አድርገው አዳመጡ።

«ሸጋ ነው» አሉ። «ይሰማኛል። ሁሉም ይሰማኛል።» የጋቢያቸውን ጫፍ ወደ ዓይናቸው ወሰዱ።

ካኪ ኮት ልሰፋላቸው ፈልጌ ልክዎን ልውሰድ ብላቸው እምቢ አሉ። «ለእሷ አላወቅሁም ነበር። ላንቺ ደረስኩ። እኔን ይበቃኛል» አሉኝ። በተራዬ እኔ መንገዱን ዘግቼ በሩ ላይ ቆምኩ። ሣቁና እጃቸውን ዘረጉልኝ፤ ለካኋቸው። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ዐርፈው ኮሶዬ ለቅሶ ስንደርስ፣ ልጃቸው ኮቱን እሑድ እሑድ ለቤተ ክርስቲያን ብቻ ይለብሱት እንደነበር ነገረችኝ።

ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ዐሥር ዓመት አለፈ። ስልክ ላይ ሰው ድገሚ ይለኛል፤ ጥሬ ሥጋ ማኘክ ትቻለሁ፤ ሲደክመኝ ቃሎቼ ይወላገዳሉ። በቀረው ሁሉ ሙሉ ነኝ፤ አልሐምዱሊላህ። ሁለት ልጆቼን ድሬያለሁ፣ የሁለቱንም ልብስ ራሴ ነኝ የሰፋሁት።

ልክ ልትለካ የመጣች ሴት ሁሉ ስለ አፏ ትጠየቃለች። ባለፈው ክረምት ከወለቃ መንደር እየመጣች ሸክላ የምትሸጥ አንዲት ሴት ቀሚስ ልታሰፋ መጣችና ድዷን ወር ሙሉ እንደቆሰለች አጫወተችኝ። መቀሱን አስቀምጬ ይዣት ሐኪም ቤት ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ «ሲጋራ አላውቅ፣ አረቄ አልቀምስ» ትለኛለች፤ እኔ ክንዷን ይዤ እጎትታታለሁ። ውጭ ተቀምጬ በሩን እያየሁ ጠበቅኋት። ከቆይታ በኋላ ጉንጯን በጥጥ ይዛ እየተናደደች ወጣች።

«የበሰበሰ ጥርስ ነው! ነቅለው ጣሉት! አንቺ ግን ልቤን አቆምሽው እኮ፤ እንዲህ ሰው ያስደነግጣሉ?»

እንደዚያ ቀን ስድብ አስደስቶኝ አያውቅም።