የዓባይ በረሃ ምንጭና አባባ ሰይድ

ሰሞኑን ደብረ ማርቆስ፣ ትምህርት ቤታችን ጓሮ፣ አንድ ሲኖትራክ እርጥብ የወንዝ አሸዋ ገልብጦ ሄደ። ጓደኞቼ ዘለውት ሲያልፉ እኔ ቆሜ ቀረሁ። ሽታው መጀመሪያ አስፈራኝ፤ ቀጥሎ ደስ አለኝ፤ ይህን እኮ መጻፍ እችላለሁ ብዬ። ሽታው አባባ ሰይድን ይዞብኝ መጣ።

አባባ ሰይድ ደጀን ላይ ጎረቤታችን ነበሩ። ከመናኸሪያው ወረድ ብላ ያለችው ጠባብ ሱቃቸው ሚስማር፣ ስኳር፣ የባትሪ ድንጋይና የላስቲክ ጫማ ታጭቆባታል። የልጅ ልጃቸው ሐያት ጓደኛዬ ነበረች። የአባባ ሰይድ አያት ጨው በበቅሎ ጭነው ዓባይን የሚሻገሩ ሲራራ ነጋዴ ነበሩ አሉ። እነዚያ ነጋዴዎች ያርፉባት የነበረችው ምንጭ ዛሬም በረሃው ውስጥ አለች፤ ሾላ ሥር፣ ለበቅሎ ከድንጋይ የተፈለፈለ ገንዳ ያላት። ካላሳዩን ብለን ነዘነዝናቸው።

እናቴ ግን ፈራች። ለደገኛ በረሃ ማለት ወባ ነው። ኪሴን ነጭ ሽንኩርት ሞላችልኝና፣ “አደራ ሰጥቼዎታለሁ፣ ጋሽ ሰይድ” አለቻቸው። እሳቸውም ከሐያት አስቀድመው እኔን እንደሚጠብቁ ነገሯት። ያኔ ለወግ ያሉት ነበር የመሰለኝ።

የተሳፈርንበት አይሱዙ የመንገዱ ጥምዝ ላይ አወረደንና የፍየል መንገድ ይዘን ቁልቁል ወረድን። አባባ ሰይድ የያዙት ባዶ የብረት ኩባያ ብቻ ነው። ወደ ምንጭ ውሃ ይዞ መሄድ ምንጩን መናቅ ነው ሲሉን ኮራን እንጂ አልፈራንም። የራሳችንን ውሃ ገና ቁልቁለቱ ሳያልቅ ጨርሰን በባዶ ጠርሙስ እየተማታን ነበር። እግረ መንገዳቸውን የነጋዴዎቹን ሥርዓት ነገሩን፤ ምንጩ ዘንድ ሲደረስ መጀመሪያ ከብት፣ ቀጥሎ እንግዳ፣ በመጨረሻ ባለቤቱና ቤተሰቡ ይጠጣል። ሐያት እኔ መጨረሻ ነኛ ብላ ስታኮርፍ፣ አንቺማ ከበቅሎም በኋላ ነሽ ብለው አሳቋት።

ስንደርስ ሾላው አለ፤ ገንዳው አለ፤ ውሃ የለም። ጎርፍ ምንጩን በአሸዋ ደፍኖታል። አባባ ሰይድ የትከሻቸውን ፎጣ አስቀምጠው በእጃቸው ይዝቁ ጀመር። ሙቀቱ ከሰማይም ከድንጋዩም ነው የሚመጣ። ሐያት ሾላው ሥር ተቀመጠች፤ ቆይታ ተጋደመች። ስጠራት ዓይኗን ብቻ ታዞራለች። እኔ አንዴ እሷን አንዴ ጉድጓዱን አያለሁ። ያን ሁሉ ዳገት ማን ተሸክሟት ይወጣል? እናቷን ምን እላታለሁ?

አሸዋው ጠቆረ፤ ከዚያ ረጠበ፤ ያ ሽታ ወጣ። ድፍርሱን እየቀዱ ገንዳው ውስጥ ደፉት። ዝንጀሮዎች ከገደሉ ላይ ቁጭ ብለው ያዩናል። ለሐያት ይስጧት ብዬ ለመንኳቸው። ድፍርስ ይብስባታል፣ ይጥራ አሉኝ። ውሃ ለመጥራት እንዲያ እንደሚዘገይ አላውቅም ነበር። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ ግን የለውም።

በመጨረሻ ኩባያው ሞላ። ይዘውት ተነሡ፤ በሐያት አጠገብ አልፈው ወደ እኔ መጡ። 

“ጠጪ” አሉኝ። “አንቺ አደራ ነሽ።”

ጉሮሮዬ ደርቆ ተጣብቋል። ከንፈሬን ብቻ አስነካሁና፣ “ጠጣሁ፣ አባባ። አሁን ተራዋ የሷ ነው” አልኳቸው።

ነጠቁኝ ማለት ይቻላል። ራሷን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ፎጣውን አርሰው ግንባሯን እያበሱ፣ ጥቂት በጥቂት አጠጧት። እኔ ደረቷን እያየሁ እስክትተነፍስ እጠብቃለሁ። ብዙ ቆይታ ዓይኗን ገለጠችና፣ “በቅሎዋስ ጠጣች?” አለች። አባባ ሰይድ የሳቁ መሰለኝ፤ ፊታቸውን ግን በፎጣው ሸፈኑት።

ዛሬም አንዳንዴ ያስፈራኛል። ያንን ኩባያ ጭልጥ አድርጌ ብጠጣውስ ኖሮ? ቆመው ያዩኝ ነበር ይሆን? ያዩኝ ነበር ይመስለኛል።

እሳቸው ካረፉ ወዲህ ሱቁን የያዙት ሐያትና እናቷ ናቸው። ለበዓል ደጀን ስሄድ እዚያው እውላለሁ። ጠዋት ጠዋት ሐያት ለሁለት የተቆረጠ ቢጫ ጀሪካን ደጃፉ ላይ ታስቀምጥና ውሃ ትሞላዋለች፤ ጭነት ይዘው ሽቅብ የወጡ አህዮች ይጠጡበታል። ይህን አድርጊ ብሎ ያዘዛት የለም። ባለፈው አህዮቹ እየጠጡ ሳለ አንድ ሾፌር ስኳር ፈልጎ፣ ሰው አይስተናገድም ወይ ብሎ ሲቆጣ፣ ቀና እንኳ ሳትል፣ “ይጨርሱ” አለችው።

ሰውዬውም ቆሞ ጠበቀ።