የቱ ሃ?

ባለፈው ሳምንት ልጄ ከቡሬ ደወለችልኝ። መስመሩ ተቆራርጦ «ሃ... ሃ...» ብቻ ስሰማ እጄ ሳላዝዘው እርሳስ ፈለገ። ይህን አመል ያስያዘኝ መቱ ነው፤ በደርግ ጊዜ፣ መምህርት ሳለሁ።

የፊዚክሱ መምህር የትምህርት ቤቱን ደወል በራሱ የሚደውል የኤሌክትሪክ ሰሌዳ ሠርቶ ነበር። ቁልፎቹ ቀጭ ቀጭ ይላሉ፤ ሲግል የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል። ትዕዛዙ በቁጥርና በእንግሊዝኛ ፊደል ይጻፋል፤ ከዘጠኝ በኋላ ኤ አሥር፣ ቢ አሥራ አንድ እያለ ኤፍ አሥራ አምስት ይሆናል። ሰሌዳው ግን ፊደል አያውቅም፤ እያንዳንዱን ወደ ቁጥር መልሶ በቁልፎቹ ማስገባት የሰው ሥራ ነው።

መምህሩ በዚያ ዓመት ሽማግሌ ሊልክ ቃል ገብቶልኝ ነበር። ከሽማግሌው በፊት ብሔራዊ ውትድርና መጣና አዲስ አበባ ወሰዱት። ዳይሬክተራችን፣ «ደወሉ ከትምህርት ሚኒስቴር በሚመጡት እንግዶች ፊት ከደወለ፣ ለሥራው ያስፈልገናል ብዬ አስመልሰዋለሁ» አሉኝ። በነጋታው መብራት ጠፋ፤ ሲመጣ ሰሌዳው ሁሉንም ረስቶታል።

ትዕዛዙን እንዲያነብልኝ ቴሌግራም ላክሁበትና ስልክ ቤት ደወለልኝ።

«ቢ ነው ዲ?» ስለው «ኢ!» ይላል።

«ተይው፣ እንደ ፈተና ምርጫ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ እንበል» አለኝ።

ፊዚክስ የተማረ ሰው! አሥሩም ሃ ሆነ፣ አሥራ ሁለቱም ሃ።

«የቱ ሃ? ሃሌታው ነው ሐመሩ?» እያልኩ ጮኽኩ። መሃል ላይ መስመሩ ጭው አለና «ሃ... ሃ...» ብቻ ሰማሁ፤ እሱንም ጻፍኩ። ድምፁ ሲመለስ እየተጣደፈ ቀጠለ። ልክ እንደጨረሰ የስልክ ቤቷ ሠራተኛ «ማሎ፣ እባክሽ፣ ሰዓቱ አልቋል እኮ!» ብላ ነቀለችው።

አስገባሁ፤ ዝም። አሥሩን በአሥራ ሁለት ለወጥኩ፤ ዝም። በንዴት አለቀስኩ። መለወጥ እንጂ መሰረዝ አልታየኝም። እንግዶቹ መጡ፣ ሻይ ጠጡ፣ ሶር ፏፏቴን ሊያዩ ሄዱ። ደወሉን ዘበኛው እንደ ወትሮው በብረት መታው።

እሱ ወደ ሰሜን ተላከ፤ አልተመለሰም። እኔም ስንት ዓመት ሙሉ ከአንድ በላይ ሃ ያለውን ፊደላችንን ስረግም ኖርኩ።

ልጄ መልሳ ደወለች።

«እማዬ፣ ሃሎ ሃሎ እያልኩሽ ለምን አትመልሺልኝም?»

ቁጭ አልኩ። ያኔ የጻፍኳቸው የመሃሎቹ ሃዎች ለካ ከትዕዛዙ አልነበሩም። ድምፄ ጠፍቶበት እየጠራኝ ነበር። እኔ ግን አቤት በማለት ፈንታ አሥር፣ አሥር ብዬ አስገባሁት።