ዝም ያልኩበት ካሴት

ከረሃቡ ሸሽተን የሱዳንን ድንበር በተሻገርን ማግስት ሕመምተኞችን በሎሪ ሲጭኑ እኔን ከታናሹ ልጄ ጋር በአንዱ፣ የስድስት ዓመቷን ልጄን በሌላው አሳፈሩን። ሁሉም አንድ ቦታ የሚሄዱ መስሎኝ ዝም አልኩ። የእኛው ገዳሪፍ አጠገብ ካለ ካምፕ አራገፈን። የእሷ ሎሪ አልመጣም።

የጠፉ ልጆችን እየመዘገበች ካምፕ ለካምፕ የምትዞር፣ አማርኛ የምታውቅ አንዲት ሱዳናዊት ነበረች። ከብዙ ቀን በኋላ ኸሽም ኤል ቂርባ ባለ የልጆች መጠለያ ውስጥ ልጄን የምትመስል እንዳለች ነገረችኝ። ልጅቷ የእናቷን ስም ስትጠየቅ “እማ” ከማለት ሌላ አታውቅም። ረሃቡ ደግሞ የልጆቹን መልክ ሁሉ አንድ አድርጎታል፤ ፀጉራቸውም ተላጭቷል። ያለ ተስሪህ፣ ማለት ያለ መሄጃ ፈቃድ፣ ከካምፕ መውጣት አይቻልም። ፈቃድ ባገኝ እንኳ ታናሹ በየሦስት ሰዓቱ ወተት በማንኪያ የሚሰጠው በሽተኛ ስለነበር ጥዬው አልሄድም። ሴትዮዋ ግን ቴፕ ይዛ ነበር። ድምፄን ቀድታ ልትወስድላት፣ ልጅቷ ካወቀችኝ ልታመጣልኝ ተስማማን።

የካምፑ ክሊኒክ ደጃፍ፣ የቆርቆሮው ግድግዳ ሥር ቆምኩ። ልጄ ያለችው ሩቅ ነው። በአገራችን ከጋራ ወዲያ ያለ ሰው የሚጠራው እጅ አፍ ላይ ተደርጎ፣ ባለ በሌለ ኃይል ነው። እኔም እንደዚያው ጠራኋት።

ሴትዮዋ በሳምንቱ ተመልሳ ካሴቱን እጄ ላይ አስቀመጠችው።

“አለቀሰች” አለችኝ። “‘ይቺ እማ አይደለችም፤ እማ አትቆጣም’ አለች።”

እናት ያልተገኘላቸውን ልጆች በሚመጣው ሳምንት ራቅ ወዳለው ከሰላ ሊወስዷቸው መሆኑንም አልደበቀችኝም። ሐሙስ ወደ ኸሽም ኤል ቂርባ ስታልፍ አንድ ጊዜ ብቻ ደግማ ልትቀዳኝ ቃል ገባች።

ካሴቱን ይዤ ራሽን ከሚታደልበት አጠገብ ሸራ ዘርግቶ ሬዲዮ ወደሚጠግን አንድ የጎንደር ሽማግሌ ሄድኩ። አስገብቶ ሰማና ቶሎ አጠፋው።

“እመቤት፣ ልጅ ነው የምትጠሪ ወይስ ጅብ የምታባርሪ?”

“ሩቅ ናት ብዬ ነዋ፣ ጋሼ።”

“ሩቁን መኪናው ይሄድልሻል። አንቺ የምታደርሺው እስከዚህ ነው።” ስንዝሩን ዘርግቶ አሳየኝ።

ከዚያ አፉም ቂጡም የተከፈተ የዘይት ቆርቆሮ አንስቶ በአንድ ወገን ስስ ላስቲክ ወጠረበት፤ ላስቲኩ ላይ ጥቂት የማሽላ ፍሬ በተነ። በሥሩ በኩል ቀስ ብዬ እንድናገር አዘዘኝ። ፍሬዎቹ ባሉበት ተርገፈገፉ። ጩኺ ሲለኝ ጮህኩ፤ ፍሬው ሁሉ ተፈናጥሮ መሬት ወረደ።

“ድምፅ የአየር መንቀጥቀጥ ነው” አለኝ ፍሬውን እየለቀመ። “በማይክሮፎኑ ውስጥ እንዲህ ያለች ስስ ነገር አለች። ከልክ በላይ ስትጮሂባት ቴፑ አይችለውም፤ ጫፍ ጫፉን ይቆርጠዋል። ልጅሽ የሰማችው የተቆረጠውን ነው። የቆምሽበት የቆርቆሮ ግድግዳ ደግሞ ድምፅሽን መልሶ ወርውሮብሻል፣ ነፋሱም ገብቶበታል።”

“ታዲያ የት ልናገር?”

“ድምፅ የማይመልስ ነገር ፈልጊ።”

እስከ ሐሙስ ሳስብ ሰነበትኩ። በቀስታ መናገሩን አወቅሁት። ግን ብታውቀኝስ፣ እነሱ እንዳወቀችኝ በምን ያምናሉ? አንድ ልጅ እናት ናፍቆት ማንንም “እማ” ሊል ይችላል። ያን ጊዜ ነው ፍየሎቻችን ትዝ ያሉኝ። ማታ ማታ ሲገቡ እኔ በየስማቸው እቆጥራለሁ፤ የመጨረሻዋን ሆን ብዬ እተዋትና ልጄ ትሞላልኛለች።

ሐሙስ ሴትዮዋን የማሽላ ጆንያ እስከ ጣሪያ ወደተደረደረበት መጋዘን አስገባኋት። ገርሟት ሳቀች። በመጀመሪያ በጆሮዋ መልሱን ነገርኳትና ወረቀቷ ላይ እንድትጽፈው አደረግሁ። የነጠላዬን ጫፍ ማይክሮፎኑ ላይ ጣል አደረግሁ፤ አንድ ስንዝር ለካሁ። ሌላ ካሴት ስላልነበር የዚያኑ ጀርባ ገልብጠን ቀዳን።

“ዳልቻዋ ገባች” አልኩ፣ እንደ ቤቴ። “ቀንደ ሰባራዋ ገባች። ቡሬዋ ገባች። መንታ የወለደችው ገባች። ማን ቀረ?”

ዝም አልኩ። ሴትዮዋ ያለቀ መስሏት ልታጠፋው ስትል እጇን ያዝኩ። ልጄ ለመመለስ የሚበቃትን ያህል ዝም ብዬ ቆየሁና “ጎሽ” አልኩ።

በአራተኛው ቀን ወተት ከሚታደልበት ዳስ ፊት መኪና ቆመ። ሴትዮዋ ልጄን እጇን ይዛ አወረደቻት። ክስት ብላለች፤ እግሯ ግን የራሷ አረማመድ ነበረው። ሴትዮዋ እያየችኝ የሆነውን ነገረችኝ። ልጅቷ አፈር እየጫረች ነበር፤ ድምፁ ሲጀምር ቀና አላለችም። ቡሬዋ ስትገባ እጇ ቆመ። ዝምታው ሲመጣ ማንም ሳይጠይቃት “አኩራፊዋ” አለች። ቀጥላም “እኔ አስገባታለሁ” ብላ ተነሣች። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ያው “አኩራፊዋ” ነበር።

ሽማግሌው ዘንድ ይዣት ሄድኩ። ከእግር እስከ ራሷ አያትና “እንግዲህ አንቺም ጠጋኝ ሆነሻል” አለኝ። ያን ቀን ካምፑን ከዳር እስከ ዳር እጇን ይዤ አዞርኳት፤ ሥራ ኖሮኝ አይደለም።

ሴትዮዋ የመለሰችልኝን ካሴት እስካሁን ከጨርቅ ወደ ጨርቅ እየቀያየርኩ አኖርኩት። ሪባኑ ሊበጠስ ነው ብዬ ስሰጋ፣ ዛሬ የልጆች እናት የሆነችው ልጄ ገዳሪፍ ገበያ ወዳለች ስልክ ጠጋኝ ወሰደችኝ። ወጣቷ ካሴቱን ከኮምፒዩተር አገናኘችው። ማሽኑ በያንዳንዷ ሰከንድ ድምፁን ብዙ ሺህ ጊዜ እየለካ በቁጥር እንደሚጽፈው ነገረችኝ። የድምፁንም ሥዕል አሳየችኝ። የጮህኩበት ወገን ጫፉ ሁሉ በቢላ እንደተቆረጠ ደልዳላ ነው፤ ሽማግሌው በጆሮው ያወቀውን እኔ በዓይኔ አየሁት። ሌላኛው ወገን ትንንሽ ኮረብታ ነው፤ መሃሉ ላይ ቀጥ ያለ መስመር አለ።

“ያ ኻልቲ፣ አክስቴ፣ እዚህ ጋ ፋዲ ነው፣ ባዶ። ልቁረጠው?”

“ባዶ አይደለም” አለቻት ልጄ። “እዚያ ጋ ያለሁት እኔ ነኝ።”

አሁን ድምፁ በስልኳ ውስጥ ነው። የልጅ ልጆቼ ሲከፍቱት አዳምጣለሁ። ዝምታው ሲደርስ ማን እንደሚቀድም እየተሻሙ “አኩራፊዋ” ይላሉ፤ እኔም ከስልኩ ውስጥ “ጎሽ” እላቸዋለሁ።