ተቀብሮ የመጣው ሽፍታ

ሸማ ተራ ልብስ ሰፊ ሞልቶ ነበር፤ ቀዳዳ አይቶ እንቅልፍ የሚያጣ ግን ማዕረግ ብቻ ነበር። ነገሩ በሃምሳዎቹ መጨረሻ፣ ጃንሆይ በዙፋናቸው ሳሉ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ልብስ ሲጥፍና ሲጠቅም የኖረ ሰው፣ ዓይኑ እሑድም አያርፍም።

ሚስት አላገባ፣ መጠጥ አይወድ፤ የዚህ ዓለም ደስታው የእሑድ ከሰዓት በኋላ ፊልም ነበር። እሷንም ቢሆን በሰላም አይጨርሳትም። አክተሩ ሲደባደብ እጅጌው እስከ ክርኑ ይተረተራል፤ ወዲያው ፈረስ ላይ ሲወጣ እጅጌው ደህና ነው። ማን ሰፋው? በምን መርፌ? ስድስት ጎራሹ ሽጉጥ ደግሞ ሳይጎርስ አሥራ አንድ ጊዜ ይተኩሳል።

«ኧረ እጅጌው!» ብሎ ማዕረግ ብድግ ይላል።

ሕዝቡ ያፏጫል፤ የሱፍ ገለባ ይበትንበታል። አብሮት የሚገባው ጎረቤቱ ሽኩር፣ አቡጀዲ ነጋዴው፣ ኮቱን ይዞ ይጎትተዋል።

«ወላሂ ማዕረግ፣ አንተ ፊልም አታይም፤ ልብስ ነው የምታየው። ሲጀመር ውሸት አይደል እንዴ?»

«ውሸትም ወግ አለው!»

አንድ እሑድ ነገሩ ከረረ። በረኛው ውቤ ክንዱን ይዞ አስወጣውና፣ «ጋሼ ማዕረግ፣ አከብርዎታለሁ። ከእንግዲህ አንዲት ቃል ከተነፈሱ ግን በዚህ በር አያልፉም» አለው። ማዕረግ ሳምንቱን ሙሉ ሲብሰለሰል ሰነበተና፣ ሲኒማው ከሚቀርብኝ አፌ ይታሰር ብሎ ቃል ገባ።

በሚቀጥለው እሑድ አፉን ዘግቶ ተቀመጠ። የሲኒማ ቤቱ ማሽን አንድ ብቻ ስለሆነ፣ የፊልሙ ጥቅል ባለቀ ቁጥር መብራት በርቶ ሌላው እስኪገባ ይጠበቃል። ከሁለተኛው ጥቅል በኋላ አክተሩ ክንዱን በፋሻ ጠቅልሎ ብቅ አለ። መቼ ቆሰለ? ማዕረግ ከንፈሩን ነከሰ። ሽፍታው ተገደለ፤ ጉድጓድ ተቆፍሮ ተቀበረም። መብራት በርቶ ጠፋና ያ የተቀበረ ሽፍታ በፈረስ እየጋለበ መጣ፤ አክተሩንም ክንዱ ላይ መታው። ፋሻ የሚባል ነገር የለም!

ማዕረግ ወዲያው ገባው። ጥቅሎቹ ተገለባብጠዋል፤ ኋላ የሚመጣው ፊት ታይቷል። ሕዝቡ ግን «አልሞተም! አላልኳችሁም?» እያለ ያጨበጭባል። ማዕረግ ላብ አጠመቀው። ዘወር ሲል ውቤ ከበሩ ሆኖ ዓይን ዓይኑን ያየዋል። አፉን በመዳፉ አፍኖ እስከ መጨረሻው ተቀመጠ።

ሲወጡ ሽኩር ትከሻውን መታ አደረገው። «አየህ? ዝም ስትል ፊልሙ እንዴት ያምራል!»

«እንዲህ ነው ጨዋ!» አለ ውቤም።

ይሄኔ ማሽኑን የሚያሠራው አስናቀው ከላይ ደረጃውን እየሮጠ ወረደ።

«ጋሼ ማዕረግ፣ ምን ነካዎት ዛሬ? የሁለቱ ጥቅል ቁጥር ተፍቆ ግራ ገባኝ። ከተሳሳትኩ እሳቸው ይጮኻሉ ብዬ መስኮቴን ከፍቼ ስጠብቅ ነበር። ዝም ሲሉ፣ ልክ ነኝ ብዬ ቀጠልኩ። በዚህ አዳራሽ የማምነው እኮ የእርስዎን ዓይን ብቻ ነው!»

ይህችን ቃል ማዕረግ ስንት ዓመት ናፍቋታል። የመጣችው ደግሞ አፉን በዘጋበት ቀን! ሽኩርን ገፈተረና መንገዱ መሃል ገብቶ በሁለት እጁ ራሱን ያዘ።

«ሞቷል! ሰውዬው ሞቷል! ሲቀበር በዓይኔ አይቻለሁ!» ብሎ ጮኸ።

ከእህል በረንዳ በኩል የሚመጡ አንዲት አሮጊት ቀጥ ብለው ቆሙ። ነጠላቸውን አዘቀዘቁና ጠጋ አሉት።

«እግዜር ያጽናህ ልጄ። ምንህ ነበር?»