የእናቴ ነጭ አበባ

እዚህ ሞጣ ጎረቤቴ በአጥሯ ሥር የተከለችው፣ ጡሩንባ የሚመስለው ነጭ አበባ አመሻሹ ላይ ይሸታል። ሽታው አፍንጫዬን ሲነካኝ ልጅነቴ ይመጣል፤ ቢቸና፣ የእናቴ ደጅ።

እናቴ ያንን አበባ እንደ ልጅ ነበር የምታሳድገው። የታጠበችበትን ውሃ እንኳ ሌላ ቦታ አትደፋም። መርዝ መሆኑን ማናችንም አናውቅም ነበር።

ታላቅ ወንድሜ አያሌው ያኔ የቅኔ ተማሪ ነበር። አንድ ዓመት ለፋሲካ ወደ ቤት ሲመጣ ከስቶ ነበር፤ ጓደኞቹ ሁሉ ሲቀኙ እሱ አልሆነለትም። አእምሮ ይከፍታል የሚባለውን አብሾ የሚሰጠው ሰው አጥቷል። የእናቴን አበባ አየና «ቁርጥ አብሾን ነው» ብሎ ቀቅሎ ጠጣው።

ሲመሽ ከግድግዳው ጋር ያወራ ጀመር። አባቴ ትከሻውን ይዞ «አያሌው፣ ልጄ፣ እኔን እየኝ» ይለዋል። እሱ ግን እጁን አንሥቶ፣ «ዝም ይበሉ አባየ፣ ቅኔው ሊመጣልኝ ነው» አለ። እኔ ቅኔ ምን እንደሚመስል ስለማላውቅ በሩን በሩን አያለሁ።

በነጋታው እናቴ አበባውን ከነሥሩ ነቀለችው። የወንድሜ አእምሮ ግን አልተመለሰም።

ዛሬ እናት አባታችን የሉም። አያሌው ሸብቷል፤ የሚኖረው ከእኔ ጋር ነው። ጎረቤቴን አበባውን እንድትነቅልልኝ ብለምናት፣ «አበባ ደግሞ ምን አደረገሽ?» ብላ ሳቀች።

ይኸው አሁንም ሽታው መጣ። አያሌው ከመደቡ ቀና ብሎ እጁን አነሣ።

«ዝም በይ» አለኝ።

እንደ ያኔው በሩን በሩን አየሁ። እስኪጨልም ተቀመጥን፤ ምንም አልመጣም።